ለሐኪሙ ያልነገርኩት

ገኒዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር አለፈ። የሙት ዓመትሽ ዝግጅት ተጀምሯል፤ እናትሽ ከደሴ መጥተዋል፣ ጌሾውም ተወቅጧል። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር አለ። የማልኩልሽን መሐላ ግማሹን አፍርሼዋለሁ፣ የቀረውንም ላፈርስ ነው። እንዳትቀየሚኝ። ብትቀየሚኝም አፈርሰዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራልሽ። የልጃችን የፌቨን የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሰመራ ማለት አቅቷታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያስደገማት ይስቃል። እህትሽ ሄለን ከቀብሩ በኋላ ልጅቷን ብላ እዚሁ ሎጊያ ከእኛ ጋር ቀርታለች፣ ሰመራም ሥራ ይዛለች። ቬንትሌተሩ ተቃጥሎ በሌላ ቀይሬዋለሁ። እኔ ያው ጅቡቲ ወርጄ እመለሳለሁ። አዋሽ ሰባት ላይ ግን መኪና አላቆምም፤ ሻይ እንኳ ቢያምረኝ ዝም ብዬ አልፋለሁ።

ፌቨንን ከወለድሽ በኋላ ሆድሽ አልመለስ አለ። የቢሮሽ ሴቶች ስንት ወርሽ ነው እያሉ ሲጠይቁሽ ሳቅ ብለሽ ታልፊ ነበር፤ ቤት ስትገቢ ግን መስታወቱ ፊት ቆመሽ ቀሚስሽን ከኋላ ጨምድደሽ ስትይዢ አይሻለሁ። እኔም ሹፌር አይደለሁ፣ የቀለድኩ መስሎኝ ዛሬም ተሳቢሽን ይዘሽ መጣሽ እልሽ ነበር። አንድ ቀን አልሳቅሽም። ያን ቀን አፌን መዝጋት ሲገባኝ ጭራሽ ደገምኩት።

አዲስ አበባ ሄደሽ የሆድሽን ስብ ለማስመጠጥ ስትወስኚ የነገርሽው ለእኔ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ስልጠና እንደሄድሽ ነው የሚያውቀው። ለማንም እንዳልተነፍስ በፌቨን አስማልሽኝ፣ እኔም ማልኩልሽ። ሐኪሞቹ ሁለት ሳምንት እንድታርፊ፣ ረጅም መንገድም እንዳትሄጂ ነግረውሽ ነበር። አንቺ ግን ፈቃዴ አለቀ ብለሽ በአምስተኛው ቀን በአውቶቡስ አዋሽ ሰባት ደረስሽ። እኔም ቁልቁል ስወርድ አግኝቼሽ ጋቢና አስገባሁሽ። ከቀሚስሽ ሥር ክሊኒኩ ያለበሰሽ፣ ሆድ ወጥሮ የሚይዝ ልብስ ነበር። ወገብሽን በእጅሽ እየለካሽ አሳየሽኝ። ለእኔ ድሮም ቆንጆ ነበርሽ፤ ደስታሽን ሳይ ግን እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

ገዋኔን ስናልፍ ባትሽን አመመሽ። ብዙ ስለተቀመጥሽ ነው ተባባልን። አዳይቱ ላይ ትንፋሽ አጠረሽ። ሙቀቱ ነው ተባባልን። መስኮቱን ከፍቼ፣ ውኃ አፍስሼልሽ መንዳቴን ቀጠልኩ። ጎማ ግሎ ሲሸተኝ ስንት ጊዜ አቁሜ፣ ወርጄ በእጄ ዳስሻለሁ፤ ለአንቺ ግን አላቆምኩም።

እየባሰብሽ ሄዶ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንቺ ኦክስጅን ተደርጎልሽ እንኳ ዓይንሽን አፍጥጠሽ፣ ራስሽን ነቅንቀሽ እንዳልናገር ከለከልሽኝ። እኔም የለም፣ ስልጠና ላይ ነበረች አልኩት። ነፍስሽን ሊያተርፍ ለቆመ ሰው ዋሸሁት። የሳንባ ምች ነው ብለው ሲያክሙሽ ሁለት ሰዓት ሄደ። ነርሷ ልብስሽን ልታላላልሽ ስትል ሆድሽ ላይ የተሰፉትን ቀዳዳዎች አየች። ሐኪሙ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደም እግርሽ ውስጥ ረግቶ ወደ ሳንባሽ ሄዷል አለኝና መድኃኒት አስጀመረሽ። ሳይነጋ ሄድሽ።

ልቅሶው ላይ ምን አገኛት ላለኝ ሁሉ ሙቀት ነው አልኩ። እናትሽ ይህ በረሃ ልጄን በላብኝ እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ጎረቤታችን ፋጡማ አንገቷን ደፋች። እዚሁ ተወልዳ ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ሙቀትን ታውቀዋለች። አገሯ በእኔ ውሸት ተረገመ። የሟች ገመና አይወጣም ይባል የለ፣ እኔም ያንኑ ይዤ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር ሄለን ለስልጠና አዲስ አበባ ልሄድ ነው አለችኝ። ስልጠና ስትል ያንቺው ስልጠና ትዝ አለኝ። አጥብቄ ስጠይቃት አልደበቀችኝም፤ ቦርሳሽ ውስጥ የክሊኒኩን ወረቀት አግኝታ ቀጠሮ ይዛለች። እህቴ ተሠርታ ምንም አልሆነችም፣ የገደላት ሙቀቱ ነው አለችኝ። ገኒ፣ ይህን ቃል ከእኔው አፍ ነው የወሰደችው። ቀጠሮውን ያስያዛት የእኔ ውሸት ነው።

እዚያው ቁጭ አድርጌ ከአዋሽ እስከ ሆስፒታሉ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ለሐኪሙ ብትነግረው ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ሐኪሙን ራሱን ሄጄ ጠይቄው ነበር፤ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ጊዜ ግን እናገኝ ነበር ነው ያለኝ። ይህንንም ነገርኳት። ሦስት ቀን ምግቤን አስቀምጣልኝ ትወጣ ነበር። በአራተኛው ቀን መጥታ ቀጠሮውን እንደተወችው ነገረችኝ። ወደፊት ብፈልግ እንኳ እናቴ አውቃ፣ ሐኪም የሚለኝን ሰምቼ ነው እንጂ እንደ ሌባ ተደብቄ አልሄድም አለች። ልክ ናት። ቆንጆ ልሁን ማለት ምን ነውር አለው፣ እኛን የበላን መደበቃችን ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል፤ ለሌላ ሰው የተባለ መሰለን።

መሐላውን ለነፍስ አባታችን ተናዝዣለሁ። ዓርብ ለእናትሽ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ። ይረግሙኝ ይሆናል፣ ይርገሙኝ። ፋጡማንም ቤቷ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመዱ፣ የቢሮሽ ሴቶች፣ የሎጊያ ሹፌሮች ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ ተነሥቼ እናገራለሁ። ያንን የተሳቢ ቀልዴንም አልደብቅም። ፌቨን አድጋ ስለ እናቷ ስትጠይቀኝ የምትሰማው ይህንኑ እውነት ነው። ገኒዬ፣ ከእንግዲህ ግማሽሽን ደብቄ ግማሽሽን አላስታውስም። ሳቅሽንም፣ መስታወቱ ፊት መቆምሽንም፣ ጋቢና ውስጥ ያየሁትን ደስታሽንም እስክሞት ይዤ እኖራለሁ።

ሄለን ቅዳሜ ከጎኔ ልትቆም ቃል ገብታልኛለች። እንባ አላናግር ካለኝ እኔ ካቆምኩበት ትቀጥላለች።