አንድ ጆይስቲክ ልግዛ ወይስ ልተው? ለቀበሌያችን የጸጥታ ኃላፊ

…ሁለቱም እጆቹ ከራሱ በላይ ነበሩ፤ ስክሪኑ ላይ ያ አጥቂ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያዘው፣ ኳሱን ትቶ ወደ ቀኝ፣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ከሜዳ ሊወጣ እየሮጠ፣ ከኋላዬ ደግሞ የበሩ መጋረጃ ተገለጠና…

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰላምታ ሳያስቀድሙ ወደ ነገር መግባት የአስተዳደግ ጉድለት ነው።

ለተከበሩ የቀበሌያችን የአስተዳደርና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወዲህ ለበዛብዎ ሥራ የሚሆን ብርታት ከልብ እመኝልዎታለሁ። እኔ ከቢሮዎ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ጌም ቤት ባለቤት የሺሃረግ ነኝ። ያውቁኛል። ጥበቃዎችዎ ፀሐይ ሲበረታባቸው የሚያርፉት የእኔ በረንዳ ላይ ነው፤ አንድም ቀን ፈቃድ ጠይቀው አላስቸገሩኝም፤ ለዚህ ትሕትናቸው አመሰግናለሁ።

የምጽፍልዎ ምክር ፈልጌ ነው። ጥያቄዬ ትንሽ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ለመጠየቅም ያሳፍራል። አንድ ጆይስቲክ ልግዛ ወይስ ልተው?

መርካቶ ዕቃ የሚያመጣልኝ አብዱሰመድ ከዱባይ የገባ አንድ ጆይስቲክ ይዟል። ዋጋውን ሲነግረኝ ዝም ስላልኩ «ሄሎ? እትዬ የሺ? ኔትወርኩን ቆረጡት መሰለኝ» አለ። አልተቆረጠም ነበር፤ ለዚያች ቀን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ዕቃው እንደ እኛዎቹ ጆይስቲኮች፣ ሌባ እንዳይወስደው፣ በሽቦ ከጠረጴዛ እግር ጋር የሚታሰር ዓይነት አይደለም። ገመድ የለውም። በአውራ ጣት የሚገፉት ዘንጎች ብረት ናቸው፤ ሲያረጁ ይቀየራሉ። ከሆዱ በታች ደግሞ እንደ ቅጠል የሳሱ ተጨማሪ ቁልፎች አሉት፤ በሌላው ጆይስቲክ ሥራ ፈተው የሚውሉት ጣቶች በእነዚያ ይጫወታሉ ይላል።

ለማን እንደምገዛው ያውቃሉ። ለሶያማ ነው። የኦቦ ገርባ ልጅ፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ያለው። ለመወሰን ያቃተኝም በሚከተሉት ምክንያቶች ነው፤ ቅሬታ ብሎ ለመጥራት ድፍረቱ የለኝም።

1ኛ. ድሮ ሰው ውድ ዕቃ ሊገዛ ሲያስብ የገዙ ሰዎች ያሉትን በስልኩ ያነብ ነበር። የአንዱ ሙገሳ ከሌላው እርግማን ጋር ሲጋጭበት ራሱን ይዞ ይውል ነበር። መንግሥት የስልኩን ኢንተርኔት በመዝጋት ከዚህ ሁሉ ራስ ምታት ገላግሎኛል። አሁን ያለኝ የነጋዴው ቃል ብቻ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ የራሱን ዕቃ አይነቅፍም። እርስዎ ግን በማያውቁት ጉዳይ ሁሉ ውሳኔ ለመስጠት ወደኋላ እንደማይሉ ስላየሁ ወደ እርስዎ ዞርኩ።

2ኛ. ስለ ሶያማ ያቀረብኩትን ማመልከቻ በአማርኛ ጽፌ ሳመጣ፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ መሆኑን ጸሐፊዎ በትክክል አስታወሱኝ። በኦሮምኛ አስጽፌ ስመለስ፣ የሚያነቡት ከኮማንድ ፖስቱ የመጡት ሰዎች ስለሆኑ በአማርኛ ይሁን ተባልኩ። እንዲህ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪ የሆነ ቢሮ ስላለን ቡራዩ ልትኮራ ይገባታል። ይህ ደብዳቤ ግልጽ የሆነው በሩ ላይ ለሚያልፍ ሁሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢያስብ፣ እንዲደርስ ነው።

3ኛ. አሮጌው ጆይስቲክ።

ጌም ቤት ገብተው ስለማያውቁ ላስረዳ። ጆይስቲክ ሲያረጅ ዘንጉ መሐል ላይ መቆም ያቅተዋል፤ ሳይነኩት ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋችም ብቻውን ይሮጣል። ኦቦ ገርባ አንድ ቀን አይተውት «ይሄስ የእኔ ግራ በሬ ነው፤ ብትነካውም ባትነካውም የጎረቤት ማሳ ካልገባ አይሆንለትም» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞልተውት ነበር። በዚህ የተነሣ ጎል የገባበት «ጆይስቲኩ ነው!» ይላል፤ ያገባው «ተበላህ፣ ዝም ብለህ ዋጥ!» ይላል፤ ከዚያ ጠብ ነው። ጠብ እርስዎ አይወዱም። ስለዚህ የእኔም ቤት፣ የሰበታና የሱሉልታ ጌም ቤቶችም የሚያውቁት ሕግ አለን፤ ጆይስቲኩ በራሱ ሲሄድ ተጫዋቹ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «አልነካሁም!» ይላል። ባለቤቷ መጥታ አይታ ትፈርዳለች። እጁን ያላነሣ ጎሉ ይቆጠርበታል።

የእኔ አግዳሚ ጠባብ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት፤ እጁን ዘርግቶ የሚያነሣ ሰው በክርኑ የጎረቤቱን አፍንጫ ይመታል። ስለዚህ እጆች ቀጥ ብለው ይነሣሉ። ከራስ በላይ የእጆቹ አንጓዎች ይነካካሉ።

ይነካካሉ ነው ያልኩት። መጋረጃውን የገለጡት ፖሊስ ያዩት የተጣመረ ነው። አዋጁ የከለከለውን፣ እጅን ከራስ በላይ የማጣመር የተቃውሞ ምልክት አውቀዋለሁ፤ ማስታወቂያውን በሩ ላይ የለጠፉልኝ እርስዎ ነዎት፤ ማስቲሹን እንኳ ከእኔ ነው የወሰዱት።

«እትዬ የሺ፣ አልነካሁም!» አለ ሶያማ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ምኑን ነው ያልነካኸው?» አሉ ፖሊሱ።

ከጎኑ የሚጫወተው ባርናባስ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ ሶያማ ዞር አለ፤ እጆቹ ግን መውረድ እንዳለባቸው ገና አልሰሙም ነበር። ይዘውት ወጡ። ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ አሁንም ይሮጥ ነበር። ያቆመው ሰው የለም።

ልቡ ውስጥ ምን እንደነበረ አላውቅም። የገበሬውን መሬት ወደ አዲስ አበባ ያጠቃልላል የተባለው ማስተር ፕላን ተሰርዟል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ በኋላም በአባቱ ማሳ ውስጥ የተተከለው ችካል አልተነቀለም። ምናልባት አንጓዎቹ ሲነካኩ ትንሽ ቆዩ። ምናልባት አልቆዩም። የጌም ቤቱን በር ዘግቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ የራሴን እጆች አንሥቼ አይቻለሁ። የእኔም ይነካካሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት፤ አሁንም ልሰርዘው እያልኩ ነው። ይቆይ።

4ኛ. ሶያማ ሰበታ ፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠራ በነበረበት ጊዜ የቀኝ ጠቋሚ ጣቱን ማሽን ያዘው። ጣቱ አለ፤ አይታጠፍም። በዚህ ጨዋታ ለመሮጥ ደግሞ ከላይ ያለውን ቁልፍ በዚያው ጣት መጫን ግድ ነው። ስለዚህ የሶያማ ተጫዋቾች አይሮጡም፤ ይራመዳሉ። «የሽማግሌ ቡድን መጣ! ወንበር አምጡላቸው!» ይሉታል። እሱ ኳስ በመቀባበል ብቻ፣ ሳይሮጥ፣ ሲያሸንፋቸው ነበር የሚገርመኝ። የአዲሱ ጆይስቲክ የታች ቁልፎች ለእሱ ቅንጦት አይደሉም፤ ጣት ናቸው። ምርመራ ላይ «እጅህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ተብሎ ተጠይቆ እንደሆነ መልሱ ይኸው ነው፤ ፋብሪካው እንጂ ፖለቲካው አልነካውም።

5ኛ. እንግዲህ ልመዝነው። አልግዛው የሚያሰኘኝ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ብረቱም ፕላስቲኩም እኩል ናቸው። ገመድ ስለሌለው እግር አውጥቶ ሊሄድ ይችላል። አንድ ጥሩ ዕቃ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ሌሎቹ ሁሉ መጥፎ መሆናቸው ይታወቃል። ነገ ደግሞ «ወጣት ይሰበሰብበታል» ተብሎ ቤቱ ሊታሸግ ይችላል፤ ከሰበታና ከሱሉልታ ጌም ቤቶች ጋር ልናደርገው የነበረውን ውድድር ከመጀመሩ በፊት በመከልከል ከድካሙ አሳርፈውናል።

ልግዛው የሚያሰኘኝ፤ ዘንጉ አያጋድልም። ዘንጉ ካላጋደለ «አልነካሁም» የሚል አይኖርም። እጅም አይነሣም። እንዲህ ሲታይ ጉዳዩ የእኔ ሳይሆን የጸጥታ ጉዳይ ስለሆነ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለሰላም ከያዘው በጀት ለየጌም ቤቱ አንዳንድ ቢያድል ብዙ መኪናና ብዙ ነዳጅ ይተርፍ ነበር ብዬ በትሕትና አስባለሁ።

ይህን ሁሉ ግን ያለ ምክርዎም መመዘን እችላለሁ። ሚዛኑ ላይ ላስቀምጠው ያልቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ጋ ነው ያለው። ሶያማ ይመለሳል? ከተመለሰ ዕቃው በየትኛውም ዋጋ ርካሽ ነው። ካልተመለሰ በነጻ ቢሰጠኝም ውድ ነው። ኦቦ ገርባ በየማለዳው «አካም ቡልቴ፣ የሺ» ብለው፣ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቀው ገብተው አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ልጃቸው የሚቀመጥበት ቦታ አጠገብ እንጂ ቦታው ላይ ሳይሆን፣ ይቀመጣሉ። «ዛሬስ?» ይሉኛል። እኔ ባለ ጌም ቤት ነኝ፤ የማውቀው ማን ጎል እንዳገባ ነው። «ዛሬም ቢሮው አልተከፈተም» እላቸዋለሁ። ተከፍቶ ያዩታል፤ ከመቀመጫቸው በቀጥታ ይታያል። ግን ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል፤ እኔ እንዳላፍር ብለው።

የት እንዳለ ይንገሩን። ለተሐድሶ ሥልጠና ሄዷል የሚሉም አሉ። የተሐድሶውን ሥልጠና ምንነት አልጠይቅም። ቦታውን ብቻ።

ክቡር ሆይ፣ ለሕዝብ እጅ ይህን ያህል ትኩረት የሰጠ አስተዳዳሪ ከዚህ በፊት አልገጠመንም፤ የቀደሙት ኪሳችንን ብቻ ነበር የሚያዩት። ስለዚህ አሳቢነትዎ ያለኝን የማይነጥፍ አድናቆት እየገለጽኩ፣ መልስዎን በጽሑፍም፣ በቃልም፣ ወይም ልጁን በመላክ ሊሰጡኝ እንደሚችሉ እያስታወስኩ፣ እጆቼን በየጉልበቶቼ ላይ፣ ተራርቀው፣ ከመንገድ እንዲታዩ አድርጌ ያስቀመጥኩ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

የሺሃረግ
ቡራዩ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለኮማንድ ፖስቱ
ለኦቦ ገርባ
ለጌም ቤቱ በር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምክርዎ ሳይደርሰኝ አብዱሰመድ ደወለ። ከሱሉልታ ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቁርጤን ንገሪኝ አለ። እወስደዋለሁ አልኩት። ስለዚህ የጥያቄዬን ግማሽ አቅልዬልዎታለሁ፤ ጆይስቲኩ ተገኝቷል፤ የሚቀሩት እጆች ናቸው፤ እነሱ እርስዎ ዘንድ ናቸው።

ይህን ለመለጠፍ ስወጣ ኦቦ ገርባ የቢሮዎ ደጃፍ ላይ ቆመው አየኋቸው። ዛሬ ወደ እኔ ሳይመጡ ነው የሄዱት። ጥበቃዎ ከዘራቸውን ተቀብሎ «ግባ፣ ሽማግሌ፤ አንተ ብቻ» አላቸው፤ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው ይሆናል። ዘወር ብለው አዩኝ። የሆነ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ መሐላችን ላይ ሚኒባስ አለፈ። ሲያልፍ ደጃፉ ላይ ሰው አልነበረም፤ በሩ ሲዘጋ ብቻ ሰማሁ።