የቡላ ዋስ

ይድረስ ከሐረር ከተማ፣ ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት።

የእናቴ ልጅ፣ ለመሆኑ እንዴት ነህ? ከአዋሽ ማዶ ያለው አገር እንዴት አድርጎ ይዞሃል? ያ የመንገዱ ንዳድ ዳግመኛ አልጎበኘህም ወይ? ሚስትህ በሰለችስ ጉልበቷ ጠናላት? ልጅህ ይሁኔስ ቁመቱ የት ደረሰ? ስሜን ብትጠሩለት ያስታውሰኛል ወይስ ረስቶኛል? እኛ ስሙ ይመስገን በሕይወት አለን። እናታችን ጧት ጧት ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ አፏም ዓይኗም እንደ ድሮው ነው። ልጄ ደመቀችም ቁመቷ ከእኔ በልጧል። እኔ እህትህ ደህና ነኝ እንዳልል እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል፤ ታምሜያለሁ እንዳልልም በልቼ አድራለሁ።

በየካቲት ነጋዴው ኃይለ ገብርኤል ቃልህን አድርሶልኛል። «ንጉሡ ከተማቸውን ወደ እንጦጦ ካዞሩ ወዲህ አንኮበር ምን ቀርቶልሻል? ባልሽም ከሞተ ቆየ። ቤቱን ለዘመድ ሰጥተሽ እናታችንን በበቅሎ ጭነሽ፣ በጥቅምት ከነጋዴ ጋር ወደ እኔ ነዪ። ውሻዋን ግን ተያት፤ የበረሃው አሸዋ መዳፏን ይልጠዋል፣ ውሃውም ለሰው አይበቃም» ብለህ ልከሃል። መልሴ እስከ ሰኔ ስለ ዘገየ አትቀየመኝ። ያን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ተቀምጬ ሳለሁ እነሣለሁ፤ ተነሥቼ ደግሞ የት እንደምሄድ አጣለሁ። ውሻችንን መከታን ከጎረቤላ ድረስ በጋቢህ ጠቅልለህ ያመጣሃት አንተ ነህና፣ «ተያት» ስትል ላንተም ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። አንድ በአንድ ልንገርህ።

ስለ ሰፈራችን የሰማኸው እውነት ነው። ከሚካኤል በታች ጭስ የሚወጣው ከጥቂት ቤት ብቻ ነው። የሚሄደው ሰው ሙቀጫውን ይጭናል፣ የበሩን ሳንቃ ሳይቀር ነቅሎ ይጭናል፤ ውሻውን ግን «ለራሱ ያውቃል» ብሎ ይተወዋል። ውሻው ጥቂት ይከተልና ጌታው ድንጋይ ሲያነሣበት ይመለሳል። ተመልሶም ሰው ከሌለበት ቤት ደጅ ይተኛል። እንዲህ ያሉት በዙ። ረሃብ ሲጸናባቸው ተቧድነው በግ መንከስ ጀመሩ።

የጎረቤታችን የወይዘሮ እናትነሽ ውሻ ቡላም ከእነዚያ አንዱ ነበር። እናትነሽ በጥር ወደ እንጦጦ ስትሄድ ሕፃንም ዕቃም በዝቶባት ጥላው ሄደች፤ አልፈርድባትም። ቡላ ግን ከበሯ አልነሣ አለ። ቂጣ ብወረውርለት አሽትቶ ፊቱን አዞረ። የጎኑ አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። እናታችን ይህን አይታ «የከፋውን ውሻ አትጎትቺው፤ በራሱ ፈቃድ የመጣ ይምሰለው» አለችኝ። ቂጣ በአሬራ እያራስሁ መጀመሪያ ከእግሩ ሥር፣ በማግሥቱ ከአጥሩ ጥግ፣ ቀጥሎም ከመንገዱ መካከል እያኖርሁ ቀስ በቀስ ወደ እኛ አስጠጋሁት።

ደጃችን ሲደርስ መከታ ጸጉሯን አቁማ ተቀበለችው። ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፤ አይፈረድባትም። ሁለቱን አራርቄ፣ እሷን ከበሩ አጠገብ እሱን ከጎተራው ሥር አበላቸው ነበር። ስሟን አስቀድሜ እጠራለሁ፣ ምግቡንም መጀመሪያ የምሰጠው ለእሷ ነው። የቤቱ እመቤት እሷ መሆኗ ሲገባት ተወችው። አንድ ጧት ብርዱን ሽሽት ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ተኝተው አገኘኋቸው። እናታችንም በዐቢይ ጾም ሳይቀር አሬራ ትደብቅላቸው ነበር። ደመቀች «እማማ፣ ጾም አይደለም ወይ?» ብትላት «ውሻ አልተጠመቀ፣ ምን ጾም አለበት?» አለቻት። ደመቀች ይህን ለንስሐ አባታችን ብትነግራቸው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው አሉ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አኑሬ ወጥቼ ነበር፤ መከታ ጮኸች። ምንም የለም፣ ጭጋጉ ነው። በዚህ ሰሞን ኮሽ ባለ ቁጥር መውጣት ለምዶብኛል።

በመጋቢት በገበያ ቀን፣ ከተተዉት ውሾች አንዱ አብዶ ከገደሉ ሥር ወጣ። ምራቁን እያዝረከረከ፣ ጅራቱን በጭኑ መካከል ሸጉጦ፣ ያገኘውን ሁሉ ሊነክስ ይዘል ነበር። ከአልዩ አምባ ጨው ጭኖ የመጣ አህያ ነከሰ፤ ሰው ሁሉ ተረባርቦ ውሻውን በድንጋይ ገደለው። ቡላ ያን ቀን ውጭ ውሎ ጆሮው ተቀዶ፣ ደሙ እየተንጠባጠበ ገባ። አጥር ቀዶት ይሁን ያበደው ነክሶት ይሁን ያየ ሰው የለም። ጨርቅ ከረጅም እንጨት ጫፍ ጠምጥሜ፣ እጄን ሳላስነካ፣ ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብሁለት። እሱ ጅራቱን ይወዘውዛል፤ እኔ ግን ጨርቁን ወዲያው ከእሳት ጣልሁት።

በማግሥቱ ጭቃ ሹሙ ሰፈሩን ከሚካኤል ደጅ ሰብስቦ «በዚህ ሰፈር ያለ ውሻ ሁሉ ከእሑድ በፊት ይገደል» አለ። ልጅ ያለው ሁሉ «ይገደል» አለ፤ ፍርሃታቸው እውነት ነው፣ እኔም ልጅ አለኝ። ያን ጊዜ እናታችን በትሯን ተመርኩዛ ተነሣችና «ልጆቼ፣ ያ ያበደው ውሻ ስሙ ማን ይባል ነበር?» አለች። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። «አያችሁ፣ የነከሰን ስሙን የሚጠራው ያጣ ውሻ ነው። ስሙን ጠርቶ የሚያበላውና የሚያስረው ያለውን ለምን እንገድላለን? ሰው ሲከሰስ ዋስ ጠርቶ ይፈታ የለም ወይ? ለውሻውም ዋስ ይጠራለት» አለች። የሳቀም ነበር። ጭቃ ሹሙ ግን «እንግዲያው ዋስ ያለው ውሻ እስከ ፋሲካ ታስሮ ይቀመጥ። ዋሱ ከሰፈር አይውጣ፤ ውሻው ሰው ቢነክስ ተጠያቂው እሱ ነው። ዋስ የሌለው ይገደል» ብሎ ፈረደ።

እናታችን ለመከታ ዋስ ሆነች። ሌላውም ለየውሻው ቆመ። «ለእናትነሽ ውሻስ?» ሲባል የሚቆምለት ታጣ። የጆሮውን ነገር ያልሰማ አልነበረም። ወንድሜ፣ ደመቀችን አሰብሁ፤ አንተ ነዪ ያልኸኝን መንገድ አሰብሁ፤ ቢያብድስ፣ ሰው ቢነክስስ አልሁ። እንዲህ እያልሁ ሳለሁ «እኔ ወርቅአገኘሁ ዋስ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ለካ የራሴ ድምፅ ነው። ደመቀች ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንሁትን አትጠይቀኝ። ቡላን ከመከታም ከሰውም አርቄ፣ ከጓሮ ካለው ወይራ ሥር ጥላ ባለበት በጠፍር አሰርሁት። ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል ስለሚባል፣ ጧት ጧት ውሃውን በእንጨት ገፍቼ አቀርብለትና ቆሜ አየዋለሁ። ሲጠጣ እፎይ እላለሁ፤ ዞር ስል ደግሞ «ዛሬስ ጠጣ፣ ነገስ?» እላለሁ። ሊጥ አቡክቼ እረሳለሁ። ቅዳሴ ቆሜ ጆሮዬ ከጓሮ ነው። የተነከሰው አህያ ሞተ የሚል ወሬ በመጣ ቀን ቡላ ምግቡን ተወው። እኔም መሶቤን ሳልከፍት ዋልሁ። እናታችን «ታስሮ የሚውል ፍጥረት ምን ይጥመዋል? ሰው ናፍቆት ነው፤ አጫውቺው እንጂ» አለችኝ። ከጠፍሩ ራቅ ብዬ ተቀምጬ አባባ ያስተማረኝን ዳዊት ጮክ ብዬ ደገምሁለት። ጆሮውን አቁሞ ይሰማኝ ጀመር። ውሎ አድሮ በላ። መከታም በዚያው ሰሞን አምስት ቡችላ ወለደች፤ በአንድ በኩል ሞት ስፈራ በሌላ በኩል ለአራስ አጥሚት አፈላለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ጭቃ ሹሙ ራሱ መጥቶ ቡላ ውሃውን ልፍ ልፍ አድርጎ ሲጠጣ አየና «ፍቺው» አለኝ። ፈታሁት። ይሮጣል ስል ዙሪያዬን ዞሮ ከእግሬ ላይ ተኛ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልወጣ እንባዬ ያን ጊዜ ወጣ።

በእኔ ቤት ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። በግንቦት ግን የእናትነሽ አሽከር አበባው የቀረ እህላቸውን ሊጭን ከእንጦጦ መጣ። ቡላ ድምፁን ከሩቅ ሲሰማ አጥሩን ዘሎ ሄደ። አበባው መንገድ ላይ ተንበርክኮ አንገቱን አቅፎ «እመቤቴ ስሙን ሳታነሣ አትውልም። በሕይወት ካለ አምጣው ብላኛለች» አለኝ። ዋስ የሆንሁለት፣ ውሃ ሲጠጣ ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ ልል ነበር። ቡላ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። «ሂድ» አልሁት። ሄደ። ዞሮ አየኝ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላየኝም። ደስ አለኝም፣ ከፋኝም።

ቡችሎቹ ጡት ሲጥሉ ጠያቂው በዛ። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ «አገር ብትለቅ ውሻውን እንዳትተው፤ ለዚህም ዋስ ጥራ» አልሁ። ሳቁብኝ፤ ቢሆንም ጠሩ። ከእነዋሪ የመጣ ገበሬ አማቹን ዋስ አድርጎ አንዷን ወሰደ። ጭቃ ሹሙም እንደ ማንም ዋስ ጠርቶ ወሰደ። እናታችን ከበሩ ተቀምጣ ስትስቅብኝ ሰነበተች። የመጨረሻው ቡችላ በሄደ ቀን ግን ሳቋን ተወችና ቆላውን ቁልቁል እያየች «ወርቅዬ፣ ከቤቴ የወጣ ቡችላ ሁሉ ዋስ አለው። ልጄ ሐረር ሲወርድ ግን ማን ዋስ ጠራልኝ?» አለችኝ።

ቀጥላም «እኔ አዋሽን አልሻገርም። ከመከታ ጋር ሆነን፣ ልጆቻችንን ለሰው የሰጠን ሁለት እናቶች ይህን ደጅ እንጠብቃለን። አንቺ ግን ይኸው እግርሽ አልረጋ ብሏል። ሂጂና ወንድምሽን በዓይንሽ አይተሽ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። እኔ ከየካቲት ጀምሮ ልሂድ ወይስ ልቅር እያልሁ ስቃጠል፣ ሄዶ መመለስ የሚባል ነገር መኖሩን አላሰብሁትም ነበር።

ስለዚህ የአዋሽ ውሃ ሲጎድል፣ በጥቅምት ከኃይለ ገብርኤል ጋር እመጣለሁ። ደመቀች ከእናታችን ጋር ትቆያለች። የምመጣው ለመቅረት አይደለም፤ ለጥምቀት እቤቴ ነኝ። የምታገለግለው ጌታህ ፈቃድ ከሰጠህ አብረን እንመለሳለን፤ ካልሰጠህም ያየሁትን ይዤ እመለሳለሁ።

ይሁኔ ቡችላ እንዳገኘ፣ ቡችላውንም እያሳከከው ጸጉሩ እንደሚረግፍ በቅርቡ ከሐረር የመጣ ነጋዴ ነግሮኛል። እስክደርስ ድረስ የሚተኛበትን ገለባ ቶሎ ቶሎ ይለውጥለት፣ ከሥሩም አመድ ይነስንስ። ማታ ማታ ከጆሮው ሥርና ከጣቶቹ መካከል መዥገር ይፈልግለት። ገና ሕፃን ስለሆነ ጥቂት ጥቂት፣ ብዙ ጊዜ ያብላው፤ ትኩስ ነገርና የዶሮ አጥንት አይስጠው። በዚያ ሙቀት ውሃው ከጥላ አይጥፋ። ሲበላና ሲተኛ አይንካው። ሲቆጣው ደግሞ ስሙን አይጥራ፤ ስሙን የሰማ ቡችላ ወደ ልጁ መሮጥ አለበት እንጂ ከልጁ መሸሽ የለበትም።

እናታችን ግንባርህን ስማሃለች፤ «ጋቢህን ሳትደርብ ወደ ውጭ አትውጣ» ብላለች፣ የሐረርን ሙቀት ብነግራትም አልሰማችኝም። ደመቀች አጎቷን እጅ ትነሣለች። ለበሰለች ጤናና ዕድሜ እመኝላታለሁ፤ አፈር የሌለበት ደህና የገብስ በሶ ይዤላት እመጣለሁ በላት። ይሁኔን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ፤ የቡችላውን ስም ልኮ ያሳውቀኝ።

አንተ ግን ስመጣ ከበር ወጥተህ ተቀበለኝ። ከስተህም ቢሆን፣ ታመህም ቢሆን፣ ተቸግረህም ቢሆን እንዳትደብቀኝ። «ሂጂና እዪው» የተባልሁት አንተን ነው።

እህትህ ወርቅአገኘሁ

አንኮበር፣ ሰኔ ፰ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ተጻፈ።