ጀርባቸውን የሰጡን ልጆች

ውድ እንድርያስ፣

ስልክህ ዝግ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ዱራሜ ላሉት አክስትህ በሚኒባስ ሹፌር እልከዋለሁ። የት እንዳለህ እሳቸውም አያውቁም አሉ፤ ቢሆንም አንድ ቀን ጎራ ማለትህ አይቀርም። ካንተ በቀር ማንም የማያምነኝ ነገር ደርሶብኛል። ግማሹን አንተው ታውቀዋለህ፤ እኔ እንዴት እንዳየሁት ግን ነግሬህ አላውቅም።

አዲስ አበባ ሥዕል ተምረህ ሆሳዕና ስትመጣ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ጀርባ ያለውን የአባቴን የገብስ መጋዘን ያከራየሁህ አብረን ስለተማርን እንጂ ሥዕል ገብቶኝ አልነበረም። ከተማውም ከአንተ የሚጠብቀው ሌላ ነበር፤ የሆቴል ማስታወቂያ፣ ከፎቶ የተገለበጠ የሙሽራ መልክ። አንተ ግን ከገበያ የቃጫ ጆንያ ተሸክመህ መጣህና «ሪሀና፣ እነዚህን እርስ በርስ ስፊልኝ» አልከኝ።

«ሸራ ጠፍቶ ነው?»

«ሸራማ አለ። ይኼ ግን የእኛን አፈር ይይዛል።»

ሰፋሁልህ። ቀዩን አፈር ከሙጫ፣ ጥላሸቱን ከዘይት ስታዋህድ እያየሁ ሳቅሁብህ። የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን ስታሳይ ደግሞ ከተማው በሙሉ ሳቀብህ። አልተቆጣህም። ዘመናዊ ሥዕልን ወደዚህ አገር መጀመሪያ ያመጡት ሰዓሊዎችም እንዲሁ እንደተሳቀባቸው፣ «ሕፃን የጫረው ነው» እንደተባሉ፣ የሰው ዓይን ቀስ ብሎ እንደሚለምድ ነገርከኝ። «ፎቶ የሰውን መልክ ያስቀርልሻል» አልክ። «ፎቶ የማያገኘውን ማን ያስቀርልሽ?»

ከዚያ በርህን ዘግተህ ከረምክ። ስትከፍትልኝ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ሥዕል አገኘሁ፤ በቀይ ጭቃ ውስጥ ተሰልፈው የሚሄዱ ወንዶች፣ ሁሉም ጀርባቸውን የሰጡን። መጋዘኑ በበጋ ደረቅ ቀን ዝናብ ዝናብ ይሸት ነበር።

«ፊት የላቸውም እንዴ?» አልኩህ።

«አላቸው። ዞረው ነው።»

«እነማን ናቸው?»

«አላውቅም» አልክ። ስትናገር ሥዕሉን ሳይሆን በሩን ትመለከት ነበር።

የብሩን እናት ታስታውሳለህ። ከሌሞ በጋሪ መጥተው፣ ከሱቄ ዚፕ ገዝተው ሲወጡ የመጋዘኑ በር ክፍት ነበርና ገቡ። ስከተላቸው ከሥዕሉ ፊት ቆመው ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ አላወቁትም።

«ብሩ» አሉ። «ይኼ ብሩ ነው። የግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ ልጅ ሆኖ ከፈረስ ወድቆ ነው።»

«እናቴ፣ እኔ ልጅዎን አላውቀውም» አልካቸው።

«ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ቀን ከደጄ እስኪሰወር አይቼዋለሁ። ዞር ብሎ አላየኝም። በእኔ ዓይን የቀረው ይኼው ነው።»

ከዚያ በኋላ እናቶቹን ማን አስቆማቸው። ከአንጋጫ መጡ፣ ከጊምቢቹ መጡ። አንዷ በጆሮው፣ ሌላዋ በሻንጣ አያያዙ፣ ሌላዋ በአንገቱ ጠባሳ የየራሷን አወቀች። ሁሉም በዚያው መንገድ ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች ናቸው። በሥዕሉ ውስጥ ልጅ የሌላት ሴት ስትገባ ግን ከጭቃ በቀር ምንም አይታያትም ነበር። ይኼ ነው ያስፈራኝ።

እኔም በዚያው መንገድ ሄዶ የጠፋብንን ወንድሜን ፉአድን ፈለግሁት። ደንበኛ ሲጠፋ ሹልክ ብዬ እገባና ጀርባዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ። የለም። ይኼ ደግ ይሁን ክፉ አላወቅሁም። እናቴን እንድታይ ብለምናት «አላህ ያልነገረኝን ጆንያ አይነግረኝም» ብላ ደጁን እንኳ አልረግጥም አለች።

በዚያ ሰሞን ነው የብሩ መርዶ የመጣው። ለቅሶው ሳያበቃ ወሬው ተነሣ፤ ሥዕሉ ውስጥ የገባ አይመለስም ተባለ። አንተን በመንገድ ሲያዩህ የሚሻገሩ ሰዎች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አቶ ነህምያ ሰዎች አስከትለው መጡና «ልጄ፣ ክፋት አስበህ እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን ይህ ነገር ይውረድ» አሉህ። አንተ መሰላሉን ልታመጣ ተነሥተህ ነበር። የብሩ እናት ናቸው ከበሩ የቆሙት።

«አታወርዱትም» አሉ። «ልጄ መቃብር የለውም። የት ሄጄ ላልቅስ?»

አቶ ነህምያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማችን ውስጥ የተለወጠውን አንተ ቆይተህ አላየኸውም። ድሮ ልጁ የጠፋበት ቤት «ደህና ነው፣ ሱቅ ከፍቷል» እያለ ነበር የሚኖረው። አሁን ሴቶቹ ሥዕሉ ፊት ተቀምጠው የልጃቸውን ስም ጠርተው ያለቅሳሉ፤ የሙስሊሟን ልጅ ክርስቲያኗ ታለቅሳለች። አንዲት ሴት ለደላላ ከፍሎ ሊሄድ የተነሣ ልጇን እጁን ይዛ አምጥታ ፊት ለፊት አቆመችው። ምን እንዳየ እንጃ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። በባጃጁ የኋላ ሸራ ላይ ጀርባውን የሰጠ መንገደኛ አስሏል። ሌሎቹም ከእሱ አይተው አሳሉ።

የሄድክበትን ቀን አልረሳም። ከሥዕሉ ግርጌ በርከክ ብለህ አገኘሁህ፤ ጣትህ ቀልቷል።

«ሪሀና፣ አልደረቀም» አልከኝ። «ከሳልኩት ከረመ እኮ። ንኪው።»

ነካሁት። እግራቸው ሥር ያለው ጭቃ እርጥብ ነበር፤ ቀዝቃዛም ነበር።

«የገደልኳቸው እኔ ብሆንስ?» አልክ። መልስ ሳልሰጥህ ደንበኛ ጠራኝ። ስመለስ ቦርሳህ የለም።

አሁን የደረሰውን ስማ።

ፉአድ መጣ። ማላዊ ታስሮ ከርሞ ከስደት ተመላሾች ጋር አመጡት። ሱቄ ደጃፍ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ቆሞ ሲያየኝ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ መስሎኝ «ግቡ» አልኩት። «ሪሁ» ሲለኝ ነው ያወቅሁት። ታናሼ ነው፤ በእድሜ አባቴን መስሏል። እናቴ ስታየው አላለቀሰችም፤ እግሩን ይዛ ቁጭ አለች፤ እግሩን ብቻ።

ለቀናት ተኝቶ፣ ተነሥቶ ሱቅ ሲመጣ መጋዘኑን ልቆልፍበት አስቤ ነበር። ቀደመኝ። ስገባ ከሥዕሉ ፊት ቆሞ በአፉ ይተነፍሳል።

«ማነው የሣለው?»

«እንድርያስ። አብሮኝ የተማረው።»

«ከእኛ ጋር አልነበረም።»

«ከአዲስ አበባ አልፎ አያውቅም።»

ፉአድ ከፊተኛው ጀምሮ ስማቸውን ጠራ። ብሩ ያኔ ገና በእግሩ ይሄድ እንደነበር ነገረኝ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ላይ ሲደርስ ወደ እግሩ አመለከተ። «ነስሩ ነው። ጫማው ተቀዶ በገመድ አስሮታል።» እኔ ገመዱን ብሩሽ ያመለጠህ መስሎኝ ነበር።

«አንተስ የት ነህ?» አልኩት። «ስፈልግህ ነው የከረምኩት።»

«እኔ የለሁበትም። እግሬ አብጦ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። ይኼ እኔ ያየሁት ነው፣ ሪሁ። ከእኔ ኋላ ጫካ እንጂ ሰው አልነበረም።»

እንድርያስ፣ የት ቆመህ እንዳየሃቸው አልጠይቅህም። አንተም እንደማታውቀው አውቃለሁ።

ትናንት የነስሩ እናት፣ ሃቢባ፣ እንደ ልማዳቸው ከጊምቢቹ መጡ። ፉአድ ሊሸሽ ይችል ነበር፤ እኔም በጓሮ በር ውጣ ብዬው ነበር። ተነሥቶ እጃቸውን ሳመ።

«ልጄን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ፣ እማማ።»

«የት ተለየህ?»

«ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ሥር። ትኩሳት ነበረው። ሌሎቹ መቆም አልቻሉም፤ እኔ እስኪያበቃ አብሬው ቆየሁ።»

ሴትየዋ አልጮኹም። መቀነታቸውን አጠበቁ።

«ሲቀበር ማን ሰገደበት?»

«እኔ ብቻዬን።»

«ፊቱንስ? ወደ ቂብላ አዞርክልኝ?»

«በፀሐይ ለክቼ ወደ መካ አዞርኩት። በእጄ ነው ያዞርኩት።»

ሃቢባ የፉአድን ሁለት እጆች ይዘው ገለበጡና መዳፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ መልክ የተሣለበት ይመስል። ከዚያ ግንባራቸውን ነኩበት። «እንግዲህ ፊቱን አየሁት» አሉ።

ዛሬ ሌሎቹም ሰምተው መጥተዋል። ይህን ስጽፍልህ መጋዘኑ ሞልቷል፤ ፉአድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በተራ ይነግራቸዋል። በሕይወት የተለያቸውም አሉ፤ እነሱን ሲናገር እልልታ ይሰማኛል። እናቴ ዛሬ ገብታ ከጎኑ ተቀምጣለች።

አንተ ማንንም አልገደልክም። ይህን በጆሮህ እስክትሰማ ድረስ በየደረስክበት ደብዳቤ እልክልሃለሁ። ቤትህ አሁንም ቤትህ ነው፤ አላህ በሰላም ያግባህ።

እህትህ ሪሀና
ሆሳዕና