አባባ ትንፋሽ የሚስቡበት ቦታ

ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ
ፌብሩዋሪ 2016

ውድ እታለም ተናኜ፣

ብደውል እንደማታነሺ ስለማውቅ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ጎንደር ሳለን ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና፣ በእጅ ጽሑፌ ብትስቂም ሳታነቢ አትጥይውም ብዬ ነው። ፖስታው ውስጥ አንዲት ትንሽ ፍላሽ አለች። ይህን ሳትጨርሺ ግን እንዳትከፍቻት።

ከተኳረፍን ስምንት ወር ሆነን። የአባባ አዝካራ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። አንቺ ግን ከሐይፋ «ሌላ ቀን ብቻዬን መቃብሩን አያለሁ» ብለሽ ልከሻል አሉ። የአባታችንን ሙት ዓመት ያላንቺ ማሰብ ከበደኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ግን ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

የሮኬቱ ሐምሌ አልፎ፣ በዓሎቹ እንዳለቁ፣ አባባን ይዘን ማማድ የገባንበትን ቀን ታስታውሽ የለ? ሲረን በጮኸ ቁጥር እየተጋፋን የምንገባባትን ያችን ባለ ብረት መስኮት ክፍል ስቱዲዮ አድርጌያት ነበር። ድምፅ እንዳይመላለስ ግድግዳው ላይ የድሮ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። አባባ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «የኤሌክትሪክ ሥራህ አልበቃህ ብሎ ፍራሽ ሰቃይ ሆንክ?» አሉኝ። ለያንዳንዳችን አንዳንድ ማይክ አቆምኩ። እሳቸው የሰንበት መቀበያውን ዜማ አወጡ፣ እኔና አንቺ ተቀበልን። በመሀል ሳል ያዛቸው፣ ወንበሩም ሲንቋቋ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ሳቅሽን መግታት አቃተሽ።

አባባ ካረፉ በኋላ ያን ቅጂ ማበጀት ያዝኩ። ሐዘኔን የማስታግስበት መላ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ከሥራ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ኮምፒውተሩ ላይ እደፋለሁ። ሳላቸውን ቆረጥኩ። ትንፋሻቸውን አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁ። አንቺ ሁልጊዜ ትንሽ ትቀድሚያለሽ፣ እኔ ትንሽ እዘገያለሁ፤ ሦስታችንንም ጎትቼ አንድ መስመር ላይ አሰለፍኩ። ስጨርስ ኮራሁ። አንቺን ጠርቼ ጆሮ ማዳመጫውን ያጠለቅሁልሽ በዚያ ኩራት ነው።

እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰማሽውም። አውልቀሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽውና፣ «አባባ የት ላይ ነው የሚተነፍሱት?» አልሽኝ።

«ትንፋሹን አወጣሁት። አሁን ናኪ፣ ንጹሕ ሆኗል።»

«ናኪ? ሆስፒታል ነው እንዴ? ያልነካካኸውን ስጠኝ።»

«እሱ ለጆሮ የሚሆን አይደለም እታለም። ቆሻሻ ነው።»

ቆሻሻ አልኩ። የአባቴን ትንፋሽ። ቦርሳሽን አንስተሽ «ሁለተኛ ቀበርካቸው» ብለሽ ወጣሽ፤ እኔም እልኸኛ ነኝና አልተከተልኩሽም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው ነገሩ የመጣው። ያ ያጸዳሁት ዜማ ለራሴም እየደረቀብኝ ነበር። ሦስት ሰው ይዘፍናል፣ ግን ከፊት ወይም ከኋላ የቆመ ሰው የለም፤ ሁሉም ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ሥዕል ነው። አንድ የሥራ ጓደኛዬ፣ ድምፅ ጥልቀት ካጣ እውነተኛ ቦታ ላይ አጫውተህ ማስተጋባቱን መልሰህ ቅዳው ብሎኝ ስለነበር፣ ስፒከሩን ወደ ሐዳር ማድሬጎት፣ ወደ ሕንፃው ደረጃ አወጣሁት። የኛን ደረጃ ታውቂዋለሽ፣ አራት ፎቅ ሙሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ታች ስፒከሩን፣ ላይ ማይኩን አድርጌ ከፈትኩት።

እማማ ይታይሽ ከሹክ ገበያቸውን ገዝተው ሲመለሱ ደረሱ። ከሁለተኛ ፎቅ፣ በአገር ቤት ሰንበት በመጣ ቁጥር ከአባባ ጋር ሲቀበሉ የኖሩት። ፌስታሎቻቸውን እንደያዙ ቆመው ሰሙ።

«ቤሴዴር ነው ልጄ፣ ደህና ነው። ራድዮ ነው?»

የአባባን ድምፅ አላወቁትም፣ እታለም። ደነገጥኩ፤ ግን አሁንም ልፋቴ እንዲደነቅልኝ ፈለግሁ። «ይሄ ተጣርቶ ነው እኮ፤ ድሮ እንዴት እንደነበር ላሰማዎት» ብዬ ያልተነካውን ከፈትኩ። ወንበሩ ተንቋቋ። አባባ ሳሉ። ዜማውን አወጡ፣ መስመራቸውን ጨረሱ፣ ትንፋሽ ሳቡ። ያን ጊዜ እማማ ይታይሽ ፌስታሎቹን መሬት ጥለው፣ እዚያው ትንፋሽ ላይ ገብተው ተቀበሉ። ያንቺ ድምፅ ከስፒከሩ ከኋላቸው ደረሰ፣ የኔ ከዚያ ዘግይቶ፣ ደረጃው ደግሞ ሁላችንንም ተቀብሎ ወደ ላይ ይዞን ወጣ። ሃያ አምስት ዓመት በዚህ አገር ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

እማማ ይታይሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «አባትህ እኮ ተቀበሉ ብለውን አያውቁም» አሉኝ። «ትንፋሽ ይስባሉ፣ እኛ እንገባለን። ሰባት ብንሆን በሰባት ቦታ ነው የምንገባው። እኩል ከተገባማ የአንድ ሰው ድምፅ ነው፣ ምን ቤተሰብ አለው?»

ያን ዕለት ሁሉንም መለስኩ። አንቺን ወደ መቅደምሽ፣ ራሴን ወደ መዘግየቴ፣ አባባን ወደ ትንፋሻቸው። የደረጃውን ማስተጋባት ከሥር በስሱ አነጠፍኩበት። ከዚያ የአባባን ማይክ ብቻውን ከፍቼ አዳመጥኩና እንደገና ተገረምኩ። ለካ አንቺም እዚያ አለሽ። በሳቸው ድምፅ ጀርባ፣ ከሩቅ፣ ሳቅሽ ሳይቀር ይሰማል። ያን ሁሉ ወር ሳላውቀው አንቺን ከሳቸው ድምፅ ላይ ስፍቅ ኖሬያለሁ፤ ክፍሏን ክፍል የሚያስመስላት ግን ያ ነበር። ማይኩ ማን አጠገብ ማን እንደቆመ አይረሳም፤ እኔ ነኝ የረሳሁት።

ፍላሿ ላይ ሁለት ፋይል አለ። አንደኛው ያልነካካሁት ነው፣ ያኔ ስትጠይቂኝ የከለከልኩሽ። ይቅር በይኝ። ሁለተኛውን ለአዝካራው ነው የሠራሁት፤ ከመቃብር ስንመለስ እዚያው ደረጃ ላይ እከፍተዋለሁ። የመጨረሻው ዙር ላይ ያንቺንም የኔንም ማይክ ዘግቻለሁ። አባባ መስመራቸውን ጨርሰው ትንፋሽ ይስባሉ፣ ከዚያ የሳቸውም ማይክ ይዘጋል፤ ቦታው ለኛ ክፍት ነው።

እኔ እንደ ልማዴ እዘገያለሁ። አንቺ ካልቀደምሽ አልገባም።

ደረጃው ላይ የሚጠብቅሽ ወንድምሽ፣
ስሜነህ