እሳት ያላነጻው ግቢ

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ወልደተንሣኤ፣

አረርቲ ተመችቶህ እንደሆነ አልጠይቅህም፤ ደብዳቤህ ራሱ ይናገራል። «ነገሩን ተይውና ነይ፣ እንጋባ» ብለሃል። አልተውም።

ባትሪ ማደሻ የነበረው ግቢ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ጎመን ይተከልበት ሲባል፣ አፈሩ ከባትሪዎቹ የቀረ መርዘኛ እርሳስ አለበት ብዬ የተነሣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንተ ግን በቀበሌው ኮሚቴ ስም፣ «አባቶቻችን የደከመ መሬት አፈሩን ከምረው ጓይ እያቃጠሉ ያድኑ የለም እንዴ? እኛም አፈሩን ከምረን እናቃጥለው» አልክ። ተጨበጨበልህ። እጮኛህ ነኝና አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ክምሩ ሲጨስ ሰነበተ። ከተቃጠለው አፈር እፍኝ ወስጄ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ፈተሽኩት፤ እርሳስ ሲያገኝ ቢጫ የሚሆነውን ኬሚካል ጠብ አደረግሁበት። ቢጫ ሆነ። እርሳስ እንደ አረም ሥር አይደለም፣ ወልዴ፤ እሳት አይበላውም።

ከዚያ አንድ ሣጥን አፈር በኮምጣጤ አርሼ፣ ግራና ቀኝ የብረት ዘንግ ተክዬ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ኮረንቲው እርሳሱን ቀስ በቀስ ወደ አንደኛው ዘንግ ይጎትተዋል። ሊቀ መንበራችን ጓድ ወልደ ሰንበት መጥተው አዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ አፈር ምን አጥፍቶ ነው በኮረንቲ የምትመረምሪው?» አሉኝ። አጠገባቸው የቆመ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«የደበቀውን እያወጣ ነው፣ ጓድ» አልኳቸው።

በአርባኛው ቀን ከሣጥኑ መሐል አፈር ወስጄ በውሃ በጥብጬ ስፈትሽ፣ ኬሚካሉ ቢነካውም ውሃው ኩልል እንዳለ ቀረ። ቢጫ የሚያደርገው እርሳስ በሙሉ አንድ ዳር፣ ዘንጉ ሥር ተሰብስቧል። ብቻዬን እያለቀስኩ ሳቅሁ።

የኮሚቴው ሰዎች ግን ሰኞ የጎመን ችግኝ ይዘው ይመጣሉ። ከፊርማህ ሥር እንድፈርም፣ «አፈሩ በእሳት ነጽቷል» የሚለውን ቃለ ጉባኤ ላኩልኝ፤ ሳልፈርም መለስኩት። ከጋራዦች የለመንኳቸውን ባትሪዎች ደርድሬ፣ ዛሬ ግቢውን በሙሉ ዘንግ ተክዬበታለሁ። ጎመን የሚተክል መጀመሪያ ዘንጎቹን ይንቀል፤ እኔንም መሐላቸው ቆሜ ያገኘኛል። ልጃቸውን እዚያ መዋዕለ ሕፃናት የሚያውሉት እትዬ ወለተ ሥላሴም፣ «አብሬሽ እቆማለሁ፤ ልጄ እርሳስ አይበላም» ብለውኛል።

እወድሃለሁ፤ አልክደውም። ፊርማህን ሳትሰርዝ ግን አላገባህም። አፈሩ ከደረቀ ኮረንቲ አያልፍበትም፣ ምንጩም ሩቅ ነው። የምትመጣ ከሆነ እንደ ሴቶቹ ውሃ በእንስራ አዝለህ ና። ሰው ይሳቅብህ፤ በእኔም ስቋል።

አመተ ማርያም