ሦስተኛው ፔዳል

ጥቅምት 3

የማለዳ ጸሎት ደረሰ። ሻይ፣ ደረቅ ዳቦ፣ የዓይን ጠብታ። እንደ ወትሮው።

ረፋድ ላይ የሟቹ ወንድሜ ልጅ መካኒኩን ይዛ መጣች። ሰዉ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል፤ መኪና ገና በር ላይ ሳለ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን ይናገራልና። የወንድሜም መካኒክ እሱ ነበር። ከወንድሜ የስፖርት መኪና ላይ ሸራውን ገለጡ። ቀዩ ቀለም ዛሬም ያፈጥጣል።

ኦቶማቲኩን አውርደው የጥንቱን የእጅ ማርሽ ካምቢዮ ሊመልሱለት ነው። ካምቢዮው በመጻሕፍት ክፍሌ፣ በሣጥን ውስጥ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ወንድሜ ግራ እግሩን ሲያጣ የግራውን ፔዳል፣ ፍሪሲዮኑን፣ መርገጥ ስለማይችል ወደ ኦቶማቲክ አስለወጠው። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ «እንደነበረች መልስልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ዐሥራ አንድ ዓመት…

ጥቅምት 6

ኦቶማቲኩ ወረደ። ጆሮ ከመኪናው ሥር ጠቁሮ ወጣና፣ ይህ ዕቃ ሰነፍ ሹፌር ማሳደጊያ ነው ሲል ልጅቱ ሳቀች። ሳቋ የአባቷ ነው።

እግሩን እንዴት አጣ? በዚህ ደብተር ጽፌው አላውቅም። የእግሩ ቁስል ሲጠቁር ሐኪም ቤት ልሂድ አለኝ። የጀመርነውን የሰባት ቀን ጸሎት ሳንፈጽም አይሆንም አልኩት። ታላቁ ነኝና ታዘዘኝ። በስምንተኛው ቀን ለሐኪሙ የቀረው መቁረጥ ብቻ ነበር። ጸሎት ከተጀመረ አይቋረጥም፤ መምህሬ ያስተማሩኝ ይህንን ነው። እግዚአብሔር ግን እንዲህ ብሎኝ ነበርን?

ጥቅምት 9

ካምቢዮው ገባ። ፔዳሎቹ ሦስት ሆኑ፤ በግራ በኩል ያለው ፍሪሲዮን አዲስ ጎማ ለብሷል። ጆሮ በትዕግሥት አስረዳኝ። ሲረገጥ ሞተሩ ከመንኮራኩሮቹ ይላቀቃል። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ፍሪሲዮኑ ሳይረገጥ ቢነሣ ወደፊት ይዘላል። ኦቶማቲኩ ይህን የሚከለክል ሽቦ ነበረው፤ አሁን የለም።

«ከእንግዲህ የምታምነው የሰው እግር ነው» አለ።

ጥቅምት 11

ከፍሪሲዮኑ ቧንቧ አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ብሎኑን ይፈታል፣ ያጠብቃል። ልጅቱ ሥራ ሄዳለች። ጆሮ ከመኪናው ሥር ሆኖ እኔን ጠራ። ጸሎት ላይ ነበርኩ፤ ሳልፈጽም አልተነሣሁም።

ስወጣ እጁን እየጠረገ ነው።

«እግርዎ የሠለጠነ ነው አባቴ። ርገጡ ስል ይረግጣሉ፣ ያዙ ስል ይይዛሉ። ደግሞ ልክ እንደ ሟቹ፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ረዘም። እሱ ነው ያስተማርዎት?»

እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ከክፍሌ አልወጣሁም ነበር።

ጥቅምት 12

የፔዳሉ አዲስ ጎማ በግራ ጠርዙ ተበልቷል። የወንድሜ ጫማዎች ሁሉ የሚያልቁት በዚያው ጠርዝ ነበር። ጋራዡ ተቆልፎ ነው ያደረው፤ ቁልፉም ከመቀነቴ አልተለየም…

ጥቅምት 13

ጆሮ ጎማውን ለወጠ። ዘንድሮ ጎማም እንደ ሰው ያለ ዕድሜው ያረጃል ብሎ ቀለደ። መሳቅ አቃተኝ።

ጥቅምት 14

እንደገና ተበልቷል።

ምን ፈልገህ ነው? ቂም ነው? ልጅህ እሑድ ልትነዳው ነው። እርሷን ተዋት። ያለብህ ሁሉ በእኔ ይሁን።

ጥቅምት 16

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ትናንት መኪናውን ገፍተው ግቢ አወጡት፤ አፍንጫው ወደ ግድግዳው ዞሯል። ዛሬ ጠዋት ልጅቱ በመኪናውና በግድግዳው መካከል አጎንብሳ መብራቱን ትወለውላለች። እኔ ጸሎት መሃል ነኝ፤ መስኮቴ ክፍት ነው። የፔዳሉ ሲጥታ መጣ። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ረዘም። ከዚያ ዝም። ማን ገባ? ቀና አልኩ። ጆሮ በኦቶማቲኩ ጊዜ እንደለመደው ከውጭ ቆሞ፣ በክፍቱ በር እጁን ወደ ቁልፉ ሰድዷል። ወንበሩ ባዶ ነው።

ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ግን አልተነቃነቀም።

ጸሎቱን ቃል መሃል ላይ ትቼው ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በባዶ እግሬ። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው፤ ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ትናንት ጆሮ ራሱ አስገብቶት ረስቶታል። ፍሪሲዮኑ ደግሞ እስከ ወለሉ ድረስ ተረግጧል። የሚረግጠው የለም። ጆሮም አየ። እጁን ከቁልፉ አንሥቶ ወደ ኋላ አለ።

ገባሁና ተቀመጥኩ። ከንቱ ነገር ነው እያልኩ፣ ወንድሜ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ አብሬው አልተቀመጥኩበትም። ግራ እግሬን ፔዳሉ ላይ አኖርኩ። ጎማው ይሞቃል።

«ይዤዋለሁ» አልኩ። «አንተ ልቀቅ።»

ያን ጊዜ የፔዳሉ ክብደት በሙሉ እግሬ ላይ መጣ። እንደያዝኩት ሞተሩን አጠፋሁ።

ልጅቱ ከመብራቱ ቀና ብላ፣ «አጎቴ፣ ለካ መንዳት አምሮዎት ነው?» ብላ ሳቀች።

ጥቅምት 18፣ እሑድ

የፔዳሉን ጎማ ማለዳ አየሁት። ትናንትም ዛሬም አልተበላም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ…

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጸሎቴን ይዤ ሳለሁ ልጅቱ ከግቢ፣ ረፈደብን አለች። ስትነዳ አጠገቧ ልቀመጥ ቃል ገብቼላታለሁ። ሁለት ምዕራፍ ቀርቶኝ ነበር።

መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ።