የእቁባችንን ማኅተም ለሚፈልጉት የባንክ ሥራ አስኪያጅ

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀይለመለኮት፣ የባንካችን ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
(የባንኩን ስም ያልጻፍኩት ለማስታወቂያ ስላልተከፈለኝ ነው፤ ከከፈላችሁኝ በትልቁ እጽፈዋለሁ።)

ጉዳዩ፦ ዕዳችንን ከጊዜው በፊት በመክፈላችን ስላደረስንብዎ መጉላላት ይቅርታ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። የሰኔው ብርድ ወገብዎን እንዳልደፈረው፣ የቢሮዎ ወንበርም እንደቀድሞው እንደተመቸዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናዎን የምመኘው ከልቤ ነው፤ እኛ የምንጠብቀውን ወረቀት ከእርስዎ በቀር የሚፈርም ሰው እንደሌለ ከተነገረኝ ወዲህ፣ በጸሎቴ ከቤተሰቤ ቀጥሎ የማስበው እርስዎን ሆኗል። ሚስቴ በሕይወት ብትኖር ትቀናብዎ ነበር።

እኔ አምባዬ ወልደ ሰንበት እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህች ከተማ የውኃ ቆጣሪ አነብ ስለነበር ደጅ ቆሞ መጠበቅ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ውሻ ያልለቀቀብኝ ግቢም ጥቂት ነው። በእርስዎ ቅርንጫፍ ውሻ የለም፤ ስለዚህ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ስል ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ልጄ አበባው በሃያ ዓመት የሚከፈል ብድር ከባንክዎ ወስዶ፣ ከባለቤቱ ከሄለን፣ ከልጃቸው ከትሕትናና ከእኔ ከሽማግሌው ጋር የምንኖርበትን ቤት ገዛ። ከዚያ በፊት የመሥሪያ ቤት መኪና እየነዳ ማታ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው ነበር። የወሩ ክፍያ ደመወዙን ሲውጥበት ግን ያንን ሥራ ትቶ የሰው ተሳቢ ይዞ በዓባይ በረሃ መመላለስ ጀመረ። ቤት ገዛና ከቤት ወጣ ማለት ነው። ትሕትና አባቷ ብቅ ሲል "እንግዳ መጣ!" ብላ የእንግዳውን ወንበር ትስብለታለች። እኔ እስቃለሁ፤ እናቷ ግን አትስቅም።

ስለዚህ ቤተሰቡ ተቀምጦ መከረ። አበባው ያለችንን ጥሪት ሁሉ አራግፈን ዕዳውን እንገላገል አለ። ሄለን ደግሞ "የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያና ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩትን ከነካህ፣ ዕዳህን ታቅፈህ እዚያው ተሳቢህ ላይ ተኛ" አለችው፤ አስተማሪ ስለሆነች ሲያስፈልግ ድምጿ ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል። እኔ አማላጅ ሆኜ ገባሁ። በሮብ ገበያ በኩል ያለኝን የባሕር ዛፍ እኔ ልሽጥ፣ እቁባችን ሲወጣ ይጨመርበት፣ የቤቱ ቁጠባ ግን አይነካ ተባለና ታረቁ። የእቁቡ ዕጣ ለጨርቅ ነጋዴዋ ለወይዘሮ ጠይባ ወጣ። እሷም "እኔ ሱቄ ውዬ ማታ ልጆቼ ዘንድ እገባለሁ፤ እሱ ይውሰደውና እሱም ቤቱ ይግባ" ብላ ተራዋን ለአበባው ለቀቀችለት። የእቁባችን ዳኛ መረቀ፣ አባላቱም አጨበጨቡ። ተራ መልቀቅ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ በምርቃትና በጭብጨባ።

ክቡርነትዎ በሥራ ብዛት ይዘነጉት እንዳይሆን ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ስለ እንኳን ደስ አላችሁ። ገንዘቡን ይዘን ስንመጣ ዕዳውን የሚዘጋውን ልክ ሠራተኞችዎ አስልተው ነገሩን፤ እኛም ልኩን በአበባው ሒሳብ ውስጥ አስገባን። እርስዎም ከወንበርዎ ተነሥተው (ሠራተኞችዎ ይህ ብርቅ ነው አሉኝ) እጃችንን ጨብጠው "በቃ፣ ቤቱ የናንተ ነው፤ ሰኞ ኑና ካርታችሁን ውሰዱ" አሉን። አበባው ከቢሮዎ እንደወጣ በቀጥታ ሄዶ የተሳቢውን ቁልፍ ለባለንብረቱ መለሰ። የእርስዎ ቃል የሚያስተማምን መስሎት ነው። አሳድጌ የላክሁት እኔ ስለሆንኩ ለየዋህነቱ እኔን ይጠይቁኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዝክሩ። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ደስታ ሲመጣ ወረቀቱ እስኪከተለው አንጠብቅም፤ ይህ ትልቁ ስሕተታችን ነው። ጠላው አስቀድሞ ተጠንስሶ ስለነበር ሄለን እሑድ ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች፤ እርስዎም ከነባለቤትዎ መጥተው በክብር ቦታ ተቀመጡልን። ለአባወራ የሚወጣው ፈረሰኛ ከአበባው ሳሕን አልፎ ወደ እርስዎ ሳሕን ገባ። ቄሱ ሲመርቁ የእርስዎ አሜን ከሁላችንም በላይ ተሰማ። በመጨረሻም ብርጭቆዎን ይዘው ተነሥተው፣ ዕዳን ከጊዜው በፊት መክፈል የአስተዋይ ቤተሰብ ምልክት መሆኑን፣ ሌሎችም ከእኛ መማር እንዳለባቸው የሚያምር ንግግር አደረጉ። ለእሷ ተለይቶ ከተሠራው ሽሮ ትበላ የነበረችው ወይዘሮ ጠይባ ሳትቀር ዓይኗ እንባ አቀረረ። ንግግርዎ ፍሬ አፍርቷል። ከዕዳ መውጣታችን በየአገሩ ስለተሰማ፣ አምበር ድረስ ያሉ ዘመዶቻችን ብድር ሊጠይቁን እየመጡ ነው። እነሱንም ወደ እርስዎ ልልካቸው አስቤ አዘንኩላቸው።

ሦስተኛ፤ ስለ ምንጩ። ሰኞ ካርታውን ልንወስድ ስንመጣ የገንዘቡ ምንጭ ስላልታወቀ ታግዷል ተባልን። እነሆ ስንት ዓመት በየወሩ ስንከፍላችሁ፣ "ይህን ከየት አመጣችሁት?" ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው የለም፤ በጥቂት በጥቂቱ ሲመጣ ጥሩ የነበረው ምንጭ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ደፈረሰባችሁ። የባሕር ዛፉን የሽያጭ ውል አቀረብን፣ እሱ ይሁን አሉ። የቀረው ከእቁብ ነው ብንል፣ ማኅተም ያረፈበት የእቁብ ደብዳቤ አምጡ አሉን። ክቡርነትዎ፣ እቁባችን ያለችው ንብረት ዕጣ የሚወጣባት የቲማቲም ጣሳ ብቻ ናት። ጣሳዋን ቀለም ነክረን ወረቀቱ ላይ ብናሳርፋትስ ብዬ ስጠይቅ መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ ፊቷን በወረቀት ሸፍና ሳቀች፤ እርስዎ ግን አልሳቁም። ቀበሌ ስንሄድ እቁብ እኛን አይመለከትም አሉን። ንግድ ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ንግድ ስላልሆነ አይመለከተንም አሉን። ወደ እርስዎ ስንመለስ ደግሞ ጉዳዩ ለዋናው መሥሪያ ቤት ተጽፏልና ጠብቁ ሆነ። ስለ ሽርሽሩ አመሰግናለሁ፤ ሐኪሜ በእግር መሄድ አብዛ ብሎኝ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ እገዳው። ገንዘቡን እኛ መንካት አንችልም። ወሩ ሲሞላ ግን የወሩ ክፍያ ከነወለዱ ከዚያው ከታገደው ገንዘብ ላይ ተቆርጦ ተወሰደ። ዕዳችንን ለመዝጋት የሚያጠራጥረው ገንዘብ ለወለዳችሁ ሲሆን ጥርጣሬው እንዴት እንደሚለቀው የባንክ ትምህርት ስለሌለኝ አልገባኝም። አደንቃለሁ እንጂ።

አምስተኛውን ስጽፍ፣ ክቡርነትዎ፣ ቀልዱ ትንሽ እምቢ ይለኛል።

የወሩ ክፍያ እስካልቆመ ድረስ ከመዝጊያው ገንዘብ የሚቆረጠውን ለመተካት ደመወዝ ያስፈልጋልና አበባው ወደ ተሳቢው ተመለሰ። የመለሰው መኪና ግን ለሌላ ሾፌር ተሰጥቶ ስለነበር፣ ባለንብረቱ ማንም የማይፈልገውን አሮጌውን ሰጠው። አበባው ለእኛ ደህና መኪና ነው አለን። ጓሮ ቆሞ ለረዳቱ በስልክ ሲናገር ግን ሰምቼዋለሁ፤ "ፍሬኑን ደጋግመህ ካልረገጥከው አይዝም፤ ቤት መጥተህ ለሄለን እንዳትቀባጥር" ይለው ነበር። እኔም እስከዛሬ ለሄለን አልነገርኳትም። ይህ ደብዳቤ በአደባባይ ሲወጣ ታነበዋለች፤ የሚጠብቀኝን ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

ዝናቡ ገብቷል። በዓባይ በረሃ ጭጋጉ ሲወርድ ሾፌር ከአፍንጫው በታች ያለውን መንገድ አያይም፤ ጭቃና ድንጋይም ከገደሉ ይለቃል። አበባው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጎሃ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱን ሊጀምር ሲል ይደውላል፤ ወንዙን ተሻግሮ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ይደውላል። በመካከሉ ስልክ አይሠራም። በሁለቱ ስልኮች መካከል ያለው ሰዓት የባንክዎ ነው፤ እኛ ወለድ የምንከፍለው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሄለን የተማሪዎቿን ደብተር ዘርግታ ትቀመጣለች እንጂ አታርምም። ቀይ እስክሪብቶዋን ከፍታ ትይዘዋለች፣ ገጽ ግን አትገልጥም። እኔም ቀልድ እጀምርና መጨረሻው ይጠፋኛል።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ስልክ ረፋዱ ላይ መጣ። ሁለተኛው ቀረ። ምሳ ቀርቦ ተነሣ። ሄለን ሁለት ጊዜ ጫማዋን አጥልቃ ሁለት ጊዜ አወለቀች፤ ወዴት እንደምትሄድ እሷም አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ ያነሣው የለም። በመጨረሻ ሄለን አነሣች። እሱ ነበር። ናዳ መንገዱን ዘግቶት ነው፣ ደህና ነኝ አላት። ቀጥሎ የጠየቀውን ልንገርዎ፤ ስለ ልጁ አልጠየቀም፣ ስለ እኔም አልጠየቀም። "ባንኩ ደወለ ወይ?" ነው ያለው።

አልደወላችሁም ነበር።

እንግዲህ ዋናው መሥሪያ ቤት መልስ እስኪሰጥ ልጄ በዚያ ፍሬን ቁልቁለቱን መውረድ ስለማይችል፣ ሥራዎን ላቀልልዎ ወስኛለሁ። የገንዘቡን ምንጭ ጠይቀዋል። የሚመጣው ሰኞ ቢሮዎ ሲከፈት ምንጩ ራሱ በእግሩ ይመጣል። ወይዘሮ ጠይባ ሱቋን ዘግታ፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን ሸፍኖ፣ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን እንኳ ግማሹን ላጭቶ ትቶ፣ ዳኛችንም ጣሳዋን ይዞ፣ የእቁባችን አባላት በሙሉ መታወቂያችንን ይዘን እንሰለፋለን። እያንዳንዳችን ምን ሠርተን ስንት እንደጣልን በቃላችን እንነግርዎታለን፤ ያስጽፉን፣ እንፈርማለን። መፈረም የማይችልም ጣቱን ያትማል። ብዙዎቻችን ደንበኞችዎ ስለሆንን ፊታችን አያስደነግጥዎትም። ወንበር ባይበቃ አይጨነቁ፤ መቆም ለምደናል።

ቃላችንን ከተቀበሉ ዕዳውን ገንዘቡ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይዝጉልን፣ ከዚያ ወዲህ የወሰዱትን ወለድ ይመልሱልን፣ ካርታውንም ለሄለን በእጇ ይስጧት። ካልተቀበሉም አንከራከርም። አልቀበልም የሚለውን ቃልዎን ጽፈው፣ ስምዎን አስፍረው፣ ፈርመው፣ እናንተ ዘንድ በማይታጣው ማኅተም አትመው ይስጡን። አበባው መኪናው ውስጥ፣ መስታወቱ አጠገብ ይሰቅለዋል። ቁልቁለቱን ሲወርድ ያዘዘው ማን እንደሆነ መንገዱም ይወቅ።

ፈረሰኛችንን በልተው አሜን ላሉልን፣ እጃችንን ጨብጠው ላሰናበቱን፣ በእግራችንም ከተማውን ላስጎበኙን ለክቡርነትዎ ያለኝን ወደር የሌለው አክብሮት በዚህ አጋጣሚ እየገለጽሁ፣ ዕድሜዎ እንደ ብድራችን ዘመን የረዘመ፣ ጭንቀትዎም እንደ እቁባችን ማኅተም ፈጽሞ የማይገኝ እንዲሆን እመኛለሁ።

ሁልጊዜ በወረፋዎ ላይ የማይታጣው፣
አምባዬ ወልደ ሰንበት
የአበባው አባት፣ የትሕትና አያት

ግልባጭ፦
ለእቁባችን አባላት በሙሉ፤ ሰኞ እንዳታረፍዱ
ለሚመለከተው ሁሉ
አይመለከተንም ላሉትም ሁሉ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ካበቃሁ በኋላ አንድ ደስ የሚል ወሬ ደረሰኝ። የቅርንጫፍዎ ሠራተኞችም ደመወዝ በተቀበላችሁ ማግስት ከመስኮቶቹ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ እቁብ ትጥላላችሁ አሉ፤ ያለፈው ወር ዕጣም የወጣው ለክቡርነትዎ ነው አሉ። እንኳን ደስ አለዎ። ገንዘቡ ሳይታገድ ወደ ሒሳብዎ እንደገባም ሰምቻለሁ። ማኅተማችሁን ያስቀረጻችሁት የትኛው ቀራጭ ዘንድ እንደሆነ ቢጠቁሙኝ፣ እኛም ከሰኞ በፊት አንድ እናስቀርጽ ነበር።